ከሰል ያልገደለው በቀቀን

አቶ ሀሰኖ ሞተው የተገኙት በአልጋቸው ላይ፣ በቀኝ ጎናቸው እንደተኙ፣ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው እንደሳቡ ነበር። ከአልጋው ግርጌ የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል፤ በውስጡ የቀረው አመድ ብቻ ነው። የመስኮቱ ስንጥቆች በጨርቅ ተወትፈዋል። በዚያ በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሰበታ ውስጥ መስኮቱን ያልወተፈ ሰው አልነበረም፤ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ከተነሣ ወዲህ በጅማ መንገድ ላይ የሚነደው ጎማና የሚተኮሰው አስለቃሽ ጭስ መኝታ ቤት ድረስ ይገባ ነበር።

ኢንስፔክተር ተስፋነሽ ስትደርስ በግቢው በር ላይ የተሰበሰቡት ወጣቶች መንገድ አልለቀቁላትም።

«አካም ቡልተን?» ብላ በኦሮምኛ «እንዴት አደራችሁ» አለቻቸው።

«ናጋ» አለ አንድ ረጅም ወጣት፣ ሳይወድ። «ፖሊስ ዛሬ ሳይተኩስ መጣ እንዴ?»

ጓደኞቹ ሳቁ። እሷ አልተቆጣችም።

«ማንን ነው የምትጠብቁት?»

«ማርቆስን፤ ተከራዩን። ጆሮ ጠቢ ነው። የህያን ያስያዘው እሱ ነው። ኦቦ ሀሰኖ ሊያጋልጡት ሲሉ አፈናቸው። ከሰሉ የማን እንደሆነ ግቢና ጠይቂ። እስከ ቀትር እንታገሣለን፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉን ከነዕቃው እናነደዋለን።»

የህያ አቶ ሀሰኖ ወላጆቹ ከሞቱበት ጊዜ ጀምሮ ከእኅቱ ከሬሐና ጋር ያሳደጉት ተማሪ ነው። በተቃውሞው ሰሞን በአቶ ሀሰኖ የጨርቅ ሱቅ ጓዳ ተደብቆ ሳለ ተይዞ እስር ቤት ገብቷል። መደበቂያውን የጠቆመ ሰው ስለመኖሩ ማንም አልተጠራጠረም፤ ማን እንደሆነ ግን የታወቀ ነገር አልነበረም።

ተስፋነሽ ወደ መኝታ ቤቱ ገብታ ዙሪያውን ቃኘች። ከሟቹ ራስጌ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በሽርጥ የተሸፈነ የሽቦ የወፍ ጎጆ ተንጠልጥሏል። ከውስጡ የመፋቅ ድምፅ ሰማች። ሽርጡን ስትገልጥ አንድ አረንጓዴ ጫጩት በቀቀን፣ ግንባሩ ላይ ቢጫው ገና ብቅ ማለት የጀመረ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተመለከታት። ወዲያው ሽቦውን በመንቁሩ ነክሶ ተንጠለጠለ። የመንቁሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ገንፎ መሰል ነገር ደርቋል፤ ከአንገቱ ሥር ያለው የምግብ ከረጢትም ሞልቶ ተወጥሯል።

ማንደጃውን አየች። ጎጆውን አየች። ከዚያ በኋላ ሬሐናን አስጠራች።

«ስሙ ማን ነው?»

«ጉርሻ» አለች ልጅቷ ዓይኖቿን እየጠረገች። «በእጅ ካላጎረሱት አይበላም ነበርና አባባ ናቸው ያወጡለት። ከጎረቤታችን ከአጎቴ ከኡበይድ ጋር ሱባ ጫካ ሄደው ከወደቀ ዛፍ ሥር አገኙት። ላባ እንኳ አልነበረውም። እየተፈራረቁ በብብታቸው ይዘው አሳደጉት።»

«ይወዱት ነበር?»

«ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ማዕድ ላይ ቃል አይወጣቸውም ነበር። እሱ ከመጣ በኋላ ግን ሲያወሩ ይውላሉ። ሱቅም በትከሻቸው ይዘውት ይሄዳሉ። እሱ የደንበኛ ልብስ ቁልፍ ይነቅላል፤ እሳቸው ተቀምጠው ይሰፋሉ።» ፈገግታ ጀመራትና ወዲያው ጠፋ።

«ዛሬ ጠዋት ማን አበላው?»

«ማንም። ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ በሶ ለውሰው የሚያበሉት እሳቸው ናቸው። እኔን ይነክሰኛል።» የቆሰሉ ጣቶቿን አሳየች። «ቅናት ነው ይሉኝ ነበር።»

«ማንደጃው እዚህ ያድራል?»

«በጭራሽ! ሳይተኙ በፊት በረንዳ ላይ ያስወጡታል። ማታም እኔው ነኝ ያወጣሁት። የሳል ሽሮፕ ስለሚወስዱ እንቅልፋቸው ከባድ ነው።»

«በሩን ስትከፍቺ ምን ሆነ?»

«ሽታው ራሴን መታኝ። ጮኼ ወጣሁና ግቢው ላይ ወደቅሁ። ማርቆስ ከፋብሪካ ሲመለስ ደረሰና ደገፈኝ። አጎቴ ኡበይድም በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው በር ሮጠው መጡና ገብተው መስኮቱን ከፈቱ።»

«አቶ ሀሰኖ ሊያጋልጡት ያሰቡት ሰው ነበር ይባላል።»

«'የህያን ያስያዘውን ሰው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሽማግሌዎች ፊት እነግርሻለሁ' ብለውኝ ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት ይህን የሚያውቁት አጎቴ ኡበይድና ማርቆስ ብቻ ነበሩ። እኔው ነኝ የነገርኳቸው። ሌላ ማን አለኝ?»

ማርቆስ ዕቃውን በአንሶላ ቋጥሮ ጨርሶ ነበር።

«ከሰሉ የኔ ነው» አለ ሳይጠየቅ። «ጆንያው በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የቸገረው ያነሣል። ጎረቤት እኮ ነን። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔ ሌሊቱን ፋብሪካ ነው ያደርኩት። መንገድ ተዘግቷል ብለው በር ቆልፈው አሳደሩን። ጥበቃውን ጠይቂው።»

«ቡላ ትወዳለህ?»

ማርቆስ በሐዘኑ መካከል ደንገጥ ብሎ አያት። «የሆሳዕና ልጅ ይህን ይጠየቃል? እወዳለሁ። ግን የፋብሪካ ዳቦ ስቀረጥፍ ነው የሰነበትኩት።»

ተስፋነሽ ወደ ፋብሪካው ደወለች፤ ጥበቃውም ነገሩን አረጋገጠ።

አቶ ኡበይድን ያገኘቻቸው በረንዳው ላይ፣ በወፍራም ኮታቸው ተጠቅልለው የሙስበሐ መቁጠሪያ ሲቆጥሩ ነበር። ከአቶ ሀሰኖ ጋር በወጣትነታቸው ጨርቅ ተሸክመው ከተፍኪ እስከ ሰበታ በእግር የዞሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ከሰል ስንቱን ጨረሰ» አሏት በቀስታ። «ዘንድሮ ያልደረሰብን የለም። የእኔንም ልጅ ወስደውት ነበር፤ አልሐምዱሊላህ ተፈታ። አሁን ደግሞ ወንድሜን አጣሁ።»

«በጣም ያሳዝናል።»

«አንቺም ከጠዋት ጀምሮ ቆመሻል። ቤት ግቢና አፍሽን አሟሺ። ባለቤቴ መብሩካ ከሱብሂ በፊት የሠራችው ቡላ አለ፤ ልጆቹ አልጨረሱትም።»

«አመሰግናለሁ፣ አባቴ። በኋላ እቀምሳለሁ።»

ቀትር ሲቃረብ ተስፋነሽ ሁሉንም በሳሎን ሰበሰበች። ረጅሙንም ወጣት ከበር ጠርታ አስገባችው። ጎጆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ራሷ ቆመች።

«እናቴ ዶሮ ታረባ ነበር» ስትል ጀመረች። «አንድ ክረምት ጫጩቶቹ እንዲሞቃቸው ብላ ከሰል አስገባችላቸው። እኛ ራስ ምታት ይዞን ተነሣን፤ ጫጩቶቹ ግን አንድ ሳይቀሩ ሞተው ነበር። የከሰል ጢስ ከሰው በፊት ወፍ ይገድላል። ይህ በቀቀን ከሟቹ ራስጌ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ይኸው ሽቦ ይነክሳል። እንግዲህ ሌሊቱን እዚያ ክፍል ውስጥ አላደረም።»

ረጅሙ ወጣት አንገቱን አስግጎ ጎጆውን አየ።

«ሬሐና ማንደጃውን አውጥታዋለች። አቶ ሀሰኖ ከተኙ በኋላ አንድ ሰው ከበረንዳው ጆንያ ያልነደደ ከሰል ከምሮበት መልሶ አስገባው። ከዚያ በፊት ግን ወፉን ከጎጆው አወጣው። ባዶው ጎጆ በሽርጡ እንደተሸፈነ ቀረ። ማርቆስ በተቆለፈ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ሬሐና ደግሞ ይህን ወፍ በእጇ መያዝ አትችልም፤ ጣቶቿን እዩ። ጠዋት ወፉ ሲመለስ ሬሐና በግቢው ወድቃለች፤ ማርቆስ ደግፏታል። ክፍሉ ውስጥ ለብቻው የገባው አንድ ሰው ነው፤ መስኮቱን የከፈተው።»

ሬሐና ፊቷን ወደ አቶ ኡበይድ አዞረች። «አይሆንም» አለች። «ተሳስተሻል።»

«በዚህ ቤት በቀቀኑ የሚበላው በሶ ነው። ዛሬ መንቁሩ ላይ የደረቀው ግን ቡላ ነው። አቶ ኡበይድ፣ ኮትዎን ያውልቁና ገበሩን ያሳዩን። ጫጩት በብብት ሲያድር ሳያቆሽሽ አይቀርም።»

ሽማግሌው ኮታቸውን አላወለቁም። እጃቸው ወደ ቁልፉ ሄዶ እዚያው ቀረ።

«እንዳይጮኽ ነው ያወጣሁት» አሉ በመጨረሻ። «ጢስ ሲሸተው ይጮኻል፤ ሀሰኖ ይነቃ ነበር።»

«ለዚህ ከሆነ አንገቱን ማነቅ ይበቃዎ ነበር። ለምን አበሉት?»

አቶ ኡበይድ ጎጆውን አዩ።

«ራበው» አሉ።

ቀሪውን ሳይጠየቁ ተናገሩ። ልጃቸው ሲታሰር በእሱ ምትክ የሚፈለግ ሌላ ሰው እንዲጠቁሙ ተጠየቁ፤ የህያ የተደበቀበትን ጓዳም ጠቆሙ። አቶ ሀሰኖ ነገሩን ደረሱበት፤ ዓርብ ከመድረሱ በፊት ኡበይድ ራሳቸው ለሬሐና እንዲነግሯት ጊዜ ሰጧቸው። «ለመንኩት» አሉ። «እግሩ ላይ ወደቅሁ። 'ለእኔ ሳይሆን ለልጅቷ ንገራት' አለኝ። እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?»

ረጅሙ ወጣት ወጣ። የማርቆስን ቋጠሮ ከበር ላይ አንሥቶ ወደ ክፍሉ መልሶ አስገባለት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀውም። ከግቢው በር የነበረው ጉምጉምታም ቀስ በቀስ ራቀ።

ሬሐና ከመቀመጫዋ ተነሥታ አቶ ኡበይድ ፊት ቆመች። አላለቀሰችም፤ «እርስዎ» ማለቷን ግን ተወች።

«በየሳምንቱ ስንቅ ይዘን እስር ቤት ስንሄድ» አለች፣ «እኔን ከበር ይመልሱኝ ነበር። የምትገባው አንተ ነበርክ። የህያ ምን ይልህ ነበር?»

«ተይኝ፣ ልጄ።»

«ምን ይልህ ነበር?»

«'አጎቴ፣ ያስያዘኝን ሰው ይፈልጉልኝ' ይለኝ ነበር።»

«አንተስ?»

ከተስፋነሽ ጋር የመጣው ፖሊስ ክንዳቸውን ሊይዝ ቀረበ። እሷ እንዲቆይ በእጇ ምልክት ሰጠችው።

«'እየፈለግሁ ነው' እለው ነበር» አሉ አቶ ኡበይድ።