ከከበሮው ሥር ያለችው ክላርኔት

የሙዚቃ ደራሲው ሬሳ በሲኒማ ቤቱ ማዳመጫ ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር የተገኘው። ክፍሉ ከአዳራሹ ጀርባ ያለ ጠባብ ቤት ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፖንጅ ተለብጧል፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና በብረት እግር የቆሙ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አሉበት። የአንደኛው ብረት ጠርዝ ላይ ደምና ጥቂት ሽበት ተጣብቋል።

«ደረቱ ላይ በሁለት እጅ ተገፍቷል» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ሲወድቅ ጭንቅላቱ ብረቱን አገኘው። ግን ወዲያው አልሞተም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አይቀርም። ሰው ቢጠራለት ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

ይህን የነገራት መርማሪዋን ነው። ሃምሳን ያለፈች፣ አጭር፣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ የምትሄድ ሴት ናት። በጣቢያው «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰው ወሬ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፍና ጠጠሩ ብቻ ይቀራል። ፊልም አትወድም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ የሰው ውሸት መስማት በሥራዋም አልጠፋም ባይ ናት።

ወንፊት በመጀመሪያ ያደረገችው ነገር በሩን መዝጋት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ያህል ሰው ገና እየተጯጯኸ ነው። በሩ ሲዘጋ ግን ሁሉም ጸጥ አለ፤ የራሷን ትንፋሽ ሰማች። በሩን መልሳ ከፈተችው፤ ጩኸቱ ተመለሰ። አብሯት የመጣው ሳጅን ግራ ተጋብቶ ተመለከታት።

«ነገሩ ያለቀለት ነው እኮ» አላት። «ታናሽ ወንድሙ ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ፣ እጁ በደም ተጨማልቆ ነው የተያዘው። ጠዋት ደግሞ እዚሁ ኮሪደር ላይ ተጣልተው ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል። ክላርኔት ነፊ ነው። ‹ክላርኔቴን ከከበሮ ሥር ቀበርካት፣ አንተንም የሚቀብርህ አታጣም!› ብሎታል።»

«ያለቀለት ነገር ደስ አይለኝም» አለች ወንፊት።

የጣቢያው አዛዥ ግን ደስ ብሎታል። ታናሽየው ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ወሰነ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ለወንፊት የቀራት እሑድ ብቻ ነው።

የሁለቱ እናት በጣቢያው ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። አላለቀሱም። እጇን ያዙና «ልጄ፣ ትልቁን እቀብራለሁ፤ ምን አደርጋለሁ» አሏት። «ትንሹን ከነነፍሱ አታስቀብሪኝ።»

«እማማ፣ እውነቱ የሚያወጣው ከሆነ አወጣዋለሁ።»

ከዚህ የበለጠ ተስፋ መስጠት አልቻለችም፤ አልሰጠችምም።

የጠቡን ሥር ለማወቅ አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ፊልም ያኔ ወጣ፤ ማንም ያልረገጠውን ተራራ ስለምትሻገር አንዲት ካርታ ሠሪ የሚተርክ የጀብዱ ፊልም ነው። ከፊልሙም በላይ ዜማው ሰው ልብ ውስጥ ገባ። በእሱ ተጋቡ፣ በእሱ ስልካቸው ጮኸ፣ በእሱ ልጆቻቸውን አስተኙ። ሁለተኛው ክፍል ይወጣል እየተባለ አሥራ ሁለት ዓመት ተጠበቀ። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ያ ዜማ የለም። ከዚያ ወዲያማ ሰው መሆን ቀረ። ስድቡ በየስልኩ ጎረፈ፤ «ጆሮ የሌለው»፣ «ልጅነታችንን የሰረቀ»፣ «እጁ ይቆረጥ»። መሞቱ ከተሰማ በኋላ እንኳ አንዱ «የራሱን ሙዚቃ ሰምቶ ነው የሞተው» ብሎ ጻፈ፤ አራት ሺህ ሰው ሳቀለት። ወንፊት ይህን በሳጅኑ ስልክ ካነበበች በኋላ መነጽሯን አውልቃ ረጅም ጊዜ ጠረገችው። እንዲህ ያለ ነገር ያናድዳታል፤ አትደብቅም።

እሑድ ጠዋት ከዳይሬክተሯ ጀመረች። ሴትዮዋ ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ስትሰደብ ያደረች ናት፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ፊልሙ ሲታይ የት ነበርሽ?»

«ማሽን ክፍል፣ ከፊልም አጫዋቹ ጋር። ሲጮኹብን አሥር ደቂቃ ያህል ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ያየኝ የለም። ይኸው፣ ጻፊው።»

«እጽፈዋለሁ። ሙዚቃውን ከዚያ በፊት ማን ሰምቶታል?»

«ማን ይሰማዋል! የድልድዩን ክላርኔት የቀዳነው ዓርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አስገብተን ጨረስን። እኔ፣ እሱና ወንድሙ፤ ሦስታችን ብቻ። ፋይሉን በቦርሳዬ ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ያንን ዜማ ግን ለምን ተዋችሁት?»

ዳይሬክተሯ መልስ ልትሰጥ ጀምራ እንባዋ ቀደማት። «እስከ መጨረሻው የጠበቀን ማን አለና!» አለች።

ፊልም አጫዋቹ ጡረታ የደረሰ፣ የማሽን ዘይት የማይለቀው ሽማግሌ ነው።

«ጋሼ፣ ጫጫታው መቼ እንደ ጀመረ በደንብ ያስታውሱልኝ።»

«ምኑን ልርሳው? ከድልድዩ በፊት ነው። ካርታ ሠሪዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርስ ሁሉም ያንን ዜማ ጠበቀ። ሌላ ሙዚቃ ሲመጣ እግራቸውን ወለሉ ላይ መደብደብ ጀመሩ። ፉጨት፣ ጩኸት። ድልድዩን ተሻግራ እስክትጨርስ ስድስት ደቂቃ ሙሉ፣ እንኳን ሙዚቃ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። ከዚያም ከግማሽ ሰዓት በላይ ታገሥኳቸው፤ አላቆም ሲሉና ጠርሙስ ወደ ስክሪኑ ሲወረውሩ አጠፋሁት። ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር።»

«ሟቹ ይህን ሁሉ አልሰማም?»

«የት ይሰማል? ሕዝብ ይፈራል፤ አዳራሽ አይገባም። ከማሽኔ ገመድ ስቤለት ነበር፤ ማዳመጫ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ የፊልሙን ድምፅ ብቻውን ይከታተላል። እዚያ ቤት ከገመዱ ሌላ ድምፅ አይገባም።»

ወንፊት አመስግናው ወጣች። ሳጅኑ ጠጠሯ እንደ ቀረች ከአረማመዷ አወቀ፤ የትኛዋ እንደ ሆነች ግን አላወቀም።

የፊልሙ ወዳጆች ማኅበር ሰብሳቢ «መዝገቡ» ይባላል። ስሙ አይደለም። የመጀመሪያውን ፊልም በየደቂቃው ስለሚያውቅ ያወጡለት ነው። አርባ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ የማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ በፊልሙ ፎቶዎች ተሸፍኗል፤ መስኮቱም ሳይቀር።

«ትናንት የት ተቀምጠህ ነበር?»

«ሦስተኛው ረድፍ፣ መሐል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልወጣሁም። ሲበጠበጥ ወንበር ላይ ቆሜ ስጮኽ ፎቶ አንስተውኛል። ይኸው ይመልከቱ።» ስልኩን አሳያት። እውነትም ቆሟል፤ እውነትም ይጮኻል።

«እኔ ሙዚቃ አይገባኝም» አለች ወንፊት ወንበር ስባ። «ምኑ ነው ይህን ያህል ሰው ያሳበደው? እስቲ አስረዳኝ።»

የሰውየው ዓይን በራ። መርማሪ ፊት መሆኑን ረሳ፤ ሰው መሞቱንም ረሳ።

«ከየቱ ልጀምርልዎ? ድልድዩን እንውሰድ። ከበሮ፣ ከበሮ፣ አሁንም ከበሮ! ከሥሩ ደግሞ አንዲት ክላርኔት አለች። ሦስት ጊዜ ትጀምራለች፤ ሦስቴም ታቋርጣለች። ምን ማለት ነው? የጀመረውን መጨረስ ያቃተው ሰው ሥራ ነው! ደግሞ ሦስተኛዋ ላይ ትንፋሽ ያጥራታል።»

«ክላርኔት ናት? እርግጠኛ ነህ?»

«የኔ ጆሮ ተሳስቶ አያውቅም።»

«ይህን ሁሉ በቃሌ አልይዘውም። ጻፍና ፈርምልኝ።»

ሦስት ገጽ ጻፈላት። ቁም ነገር ነው ያለውን በቀይ እስክርቢቶ አሠመረበት። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ ይሄኛው በፊርማ ነው የከፈተው።

ከዚያ ወደ ታሳሪው ሄደች። ታናሽየው እጁን ታጥቦም ያልጠራለት ይመስል ጣቶቹን እያሻሸ ተቀምጧል።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«እኔ ስነፋ ማንም አይሰማኝም አልኩት። ‹ጆሮ ያለው ይሰማሃል፤ የሌለው መጨረሻውን ይጠብቅ› አለኝ። ሰደብኩት። ፊልሙ ሲቆም ግን አዘንኩለት፤ ይቅርታ ልጠይቀው ገባሁ። እጁ ገና ይሞቅ ነበር።» ቀና አላለም። «አልጠየቅኩትም። ይኸው ነው።»

እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በዚያው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ዳይሬክተሯ ከፊት፣ መዝገቡ ሦስተኛው ረድፍ መሐል፣ ታናሽየው በካቴና ከሳጅኑ ጋር፣ ፊልም አጫዋቹ ከላይ በማሽን ክፍሉ መስኮት። እናትየው ከውጭ ቀሩ፤ «እዚያ ቤት እግሬ አይገባም» ብለው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለች ወንፊት ስክሪኑ ሥር ቆማ። «ሟቹ ማዳመጫ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር። አንድ ሰው ገባ፤ ገፋው፤ በሩን ዘግቶ ወጣ። ያ ሰው ማነው? ወንድሙ ሊሆን ይችላል። ዳይሬክተሯም አሥር ደቂቃ ጠፍታለች። ሁለቱንም የሚያወጣቸው የለም፤ የሚያወጣቸው ሦስተኛው ሰው ካልተገኘ በቀር።»

«ተገኘ?» አለች ዳይሬክተሯ።

«በእጁ ጽፎ ሰጠኝ።» ሦስቱን ገጽ ከቦርሳዋ አወጣች። «መዝገቡ፣ የድልድዩን ክላርኔት ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ። እና?»

«የት?»

«እዚሁ! ከዚህ ወንበር!»

«ጋሼ፣ ከድልድዩ በፊት ጀምሮ እዚህ አዳራሽ ምን ይሰማ ነበር?»

«እግር» አለ ሽማግሌው ከላይ። «እግርና ፉጨት።»

መዝገቡ ዞር ብሎ መስኮቱን አየ። አንዳች ነገር ፊቱ ላይ ተንቀሳቀሰ።

«አንተ ስትመለስ ጫጫታው ያኔ የጀመረ መስሎህ ነበር፤ ፎቶህም የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው» አለችው ወንፊት። «አልፈርድብህም። የነበርክበት ክፍል በሩ ሲዘጋ ምንም አይሰማም፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። እዚህ ሦስት መቶ ሰው ሲጮኽ አንተ የሰማኸው በገመድ የሚመጣውን ሙዚቃ ብቻ ነው፤ ጥርት አድርገህ፣ እስከ ትንፋሿ።»

«ሰው... ሰው ነግሮኝ ነው።»

«ማን? ሦስቴ ማቋረጧን፣ ትንፋሿ ማጠሩን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ያስገቧት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። አንዱ ሞቷል፤ ሁለቱ እዚህ አሉ። ከማንኛቸው ጋር ነው የተነጋገርከው?»

ዳይሬክተሯም ታናሽየውም ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

«ጋሼ፣ የቀረውን ሃያ ደቂቃ ያሳዩን። ሕዝቡ አላየውም፤ እኔም አላየሁትም።»

መብራቱ ጠፋ። ካርታ ሠሪዋ በበረዶው ላይ ብቻዋን ትሄዳለች። ሙዚቃ የለም፤ ንፋስ ብቻ። ከተራራው ጫፍ ስትደርስ ከበሮ የሌለባት አንዲት ክላርኔት ጀመረች፤ ድልድዩ ላይ ስትጀምር ስታቋርጥ የነበረችው ያችው ናት። አሁን ግን አላቋረጠችም። ቀጠለች፤ ሰፋች፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ተከተሏት። ያ ዜማ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተጠበቀው፣ ከነሙሉ ክብሩ።

መዝገቡ መጀመሪያ ከንፈሩ ዜማውን ተከተለ። ከዚያ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የመዝጊያው ጽሑፍ እስኪያልቅ፣ መብራት እስኪበራ እንደዚያው ነበር።

«‹ተቀመጥ፣ እስኪያልቅ ስማ› ብሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዜማችንን የት አደረስከው ልለው ነበር የገባሁት። ‹አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄሃለሁ፣ ከእንግዲህ አልጠብቅም› አልኩና ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«ስትወጣ ይተነፍስ ነበር?»

«ይተነፍስ ነበር።»

«በሩን?»

«ዘጋሁት።»

ወንፊት ሌላ አልጠየቀችም። የገፋውን እጅ ቁጣ ነው ልትለው ትችል ነበር፤ በሩን የዘጋውን ግን ስም ልታወጣለት አልፈለገችም። ካቴናውን ከታናሽየው ፈትታ ለሳጅኑ አቀበለች።

ታናሽየው ወደ ውጭ ወጣ፤ ወንፊትም ተከተለችው። እናትየው ሲያዩት ከወንበራቸው ተነሡና ሁለቱንም የእጅ አንጓውን ያዙት፤ ካቴናው የነበረበትን ቀይ ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ማን ገደለው ብለው አልጠየቁም።

«ሥራውን ወደዱለት?» አሉ።

ልጅየው ወንፊትን አየ። ወንፊት መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ስድቡን ሁሉ አንብባዋለች።

«አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ሰማለት፣ እማዬ» አላቸው። «አለቀሰ።»

«እሰይ» አሉ እናትየው። «አንድም ሰው ሰው ነው። የት አለ? ላመስግነው።»

«ሄዷል» አለች ወንፊት ቶሎ ብላ፤ ከበሩ ብቅ ላለው ሳጅንም ሰውየውን በኋላ በር እንዲያወጣው በእጇ ምልክት ሰጠችው።