ደም መላሹ ተገኘ

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ የመሰለው ይዝለለው፤ አልቀየምም።

እኔ ሰው ሲያናግረኝ እንኳ መሬት መሬት የማይ ዓይነ አፋር ነኝ። ታሪክ ለማሳመር ብዬ የሰው ደም አላነሳም።

በሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ። የጀመረው ቅዳሜ፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሜልበርን፣ ሰንሻይን የሚባል ሰፈር፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ባለች ትንሽ የደም መመርመሪያ ክፍል ውስጥ... ፀሐይ በመስኮቱ እየገባች።

ከአጎቴ ጋር ካርልተን ሰፈር፣ የመንግሥት ኪራይ ፎቆቹ ላይ ነው የምንኖረው። ሥራዬ ላቨርተን ኖርዝ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እለቅማለሁ። ጆሮዬ ላይ ሄድሴት አለ። አንዲት የማሽን ሴት በእንግሊዝኛ የመደርደሪያ ቁጥር ትነግረኛለች፤ እሄዳለሁ፣ አነሳለሁ። ከሰው ጋር ማውራት የለም። ሥራውን የወደድኩት ለዚያ ነው።

አጎቴን ሜልበርን ያለ ሐበሻ ሁሉ ጋሼ ጸጋዬ ይላቸዋል። የገዛ ልጃቸው ሳምሪ እንኳ የምታውቀው ስም ይኸው ነው።

እውነተኛ ስማቸው ግን መክብብ ነው።

ከአገር ሲሸሹ ለወጡት። ለምን እንደሆነ አባቴ አልነገረኝም። ብቻ ወደ እሳቸው ሲልከኝ "ያንን ስም ከአፍህ እንዳታወጣ" ብሎ አስምሎኛል።

ሳምሪ እናቷን ያጣችው በካንሰር ነው። ሐኪሞቹ ሲደርሱበት ጊዜው አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቷ ባስነጠሱ ቁጥር ትደነግጣለች። ዘንድሮ ደግሞ የአጎቴ ሰውነት ከሳ። እንቅልፍም አጡ።

አንድ ቀን ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች።

"ዳድ፣ ሜምበር አድርጌሃለሁ!"

"የምን ሜምበር? የዕድር?"

"ዕድር ስትሞት ነው። ይሄ እንዳትሞት ነው።"

በየጊዜው ደም እየወሰዱ ከመቶ በላይ ነገር እንደሚመረምሩ አስረዳችን። ልብ፣ ጉበት፣ ካንሰር... ሰው ሳይታመም ቀድመው ይነግሩታል። እኔንም አስገብታኛለች፤ ፋሚሊ ፕላን ነው፣ ቤተሰቡን በአንድ ክፍያ። በአማርኛ አስተርጓሚም አለው።

"ሳልታመም ደሜን ልስጥ? ለማላውቀው ሰው?" አሉ አጎቴ።

"ዳድ፣ ፕሊስ። ለእማዬ ስትል።"

በእናቷ ስትለምናቸው እጅ ሰጡ።

ቅዳሜ ሄድን። የመመርመሪያ ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ሳምሪ ውጭ ቀረች። እኔ አጎቴ ጎን ቆምኩ። ነርሷ ደግ ሴት ናት። ክንዳቸውን በላስቲክ አሰረችና አስተርጓሚ ለመጥራት የጠረጴዛውን ስልክ ተጫነች።

ትንሽ ጠራ።

ከዚያ የአንድ ወጣት ድምፅ መጣ።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ካሣዬ እባላለሁ። የዛሬ አስተርጓሚዎ ነኝ።"

አጎቴ ክንዳቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። ብርድ መስሎኝ ነበር...

ከድምፁ ጀርባ ውሃ ይሰማል። በቦይ ውስጥ የሚሄድ ውሃ።

ነርሷ ክንዳቸውን እየዳበሰች ሁለት ሦስት ቃል ተናገረች።

"ደም መላሹ አልታይ አለኝ ነው የምትለው።"

እኔ ገብቶኛል። ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ላይ ደም ቅዳና ደም መላሽ ብለን ተምረናል። ደም መላሽ፣ ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር ነው። አጎቴ ግን የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። በእሳቸው አገር ደም መላሽ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ዘመዱ የተገደለበት... ገዳዩን ፈልጎ የሚገድል ሰው።

"ምን አለ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ሥሩን ነው ጋሼ። የደም ሥር ማለቱ ነው።"

ነርሷ መርፌዋን ታዘጋጃለች። አፏ ተዘግቷል።

ድምፁ ግን ቀጠለ።

"ክንድህን ዘርጋ ነው የምትለው።"

አንቱታው ቀረ።

"ከአንተ ካልተገኘ ከወንድምህ ልጅ ይወሰዳል ነው የምትለው... መክብብ።"

ነርሷ ምንም አላለችም። ፊቷን እያየሁ ነበር። ምንም አላለችም።

መርፌው ገባ። ብልቃጡ መቅላት ጀመረ።

"ደም መላሹ ተገኘ" አለ ድምፁ።

አጎቴ ጮኹ። መርፌውን ከነቱቦው ነቅለው ነርሷን በሁለት እጃቸው ገፈተሯት። ግንባሯ ከቁም ሳጥኑ ጠርዝ ጋር ተላተመና ቅንድቧ ተተረተረ። የእሳቸው ደም ግድግዳው ላይ፣ የእሷ ደም ነጭ ጫማዋ ላይ ተረጨ። ከኋላ አቅፌ ያዝኳቸው። አጥንት ብቻ የቀሩት ሽማግሌ እንደ በሬ ጎተቱኝ።

ሳምሪ እያለቀሰች ስትገባ ነው ስልኩን ያየሁት።

አሁንም ይጠራል።

ገና ማንም አላነሳውም ነበር።

ነርሷ "ደንግጠው ነው" ብላ ማረቻቸው። ሳምሪ በመኪናዋ ቤት አድርሳን ሄደች። አጎቴ በሩን ቆለፉ፤ መጋረጃውን ዘጉ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

"ሰው ገድያለሁ" አሉኝ።

"በመስኖ ውሃ ተራ ነው። ተራው የሱ ነበር። እኔ ውሃውን ወደ ማሳዬ ጠለፍኩት። መጣ፤ ሰደበኝ። በአካፋ መታሁት። ወደቀ። ደግሜ መታሁት። የራስ ቅሉ ሲሰነጠቅ ሰምቼዋለሁ። ቦዩ ዳር ተኝቶ፣ ውሃ... ውሃ ስጠኝ አለኝ። ውሃው በጎኑ እየሄደ፣ አንድ እፍኝ አልሰጠሁትም። እስኪያልቅ ቆሜ አየሁት።"

"ጋሼ..."

"ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ወንድ ወለደች። ስሙን ካሣዬ አለችው።"

"ታዲያ ስልኩ ላይ ያለው..."

"ካሣዬ ሞቷል! አድጎ እኔን ፍለጋ ወደ ሱዳን ወረደ። በረሃው ላይ በውሃ ጥም አለቀ። መርዶውን የነገረኝ አባትህ ነው።"

እጄን ያዙኝ። ጣቶቻቸው በረዶ ናቸው።

"ደም ከገዳዩ ካልተመለሰ ወደ ወንድም ልጅ ይሻገራል። ሳምሪ ሴት ናት፤ አይነኳትም። የቀረኸው አንተ ነህ፣ ያብስራ።"

በማግስቱ የወጥ ቤቱ ቢላ ከመሳቢያው ጠፋ። አልጋቸውን ሳነጥፍ ትራሳቸው ሥር አየሁት።

ለማንም አልነገርኩም።

ሳምሪ የዚህን ሁሉ ወሬ አልሰማችም። የአባቷ ደም ለምርመራ አልበቃም የሚል መልእክት ሲደርሳት፣ ቤት ድረስ መጥቶ የሚወስድ ሰው ቡክ አደረገች። ለእሳቸውም ለእኔም።

"እንዳትነግረው፤ ይሸሻል" አለችኝ።

እሺ አልኩ። እምቢ ማለት መቼም አይሆንልኝም።

ሰውዬው የመጣው ረቡዕ ነው። እንደገና እኩለ ቀን።

ቀይ ጢም ያለው ወጣት ነው። ገና ልጅ። ማቀዝቀዣ ሳጥኑን አንጠልጥሎ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ስለወጣ እያለከለከ ሳቀ። አጎቴ መኝታ ቤት ጋደም ብለው ነበር። ልጁ እሳቸው እስኪነሱ ከእኔ እንደሚጀምር በምልክት ነገረኝ።

ተው ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ።

ላስቲኩን ክንዴ ላይ አሰረ።

"ጤና ይስጥልኝ..."

ድምፁ የመጣው ከኪሴ ነው።

ስልኬን አልነካሁትም።

ልጁ ቀና እንኳ አላለም። እንዳልሰማ ሆኖ ጓንቱን ያጠልቃል። ውሃው ይሰማል። ያን ጊዜ ከሩቅ ነበር፤ አሁን ጭኔ ላይ የሚፈስ ይመስላል።

"ክንድህን ዘርጋ ነው የሚለው።"

ዘረጋሁ። ለምን እንደዘረጋሁ አላውቅም።

ልጁ መርፌውን ከሽፋኑ አወጣ። ቆዳዬን አልነካም። ይህን ልብ በሉልኝ... አልነካም።

"ደም መላሹ ተገኘ።"

የመኝታ ቤቱ በር ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

አጎቴ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ቢላው ከልጁ ትከሻ፣ ከአንገቱ ሥር ገባ። ሲነቅሉት ደሙ ዓይኔን ሞላው። ደግመው ጎኑ ላይ ሰኩት። ልጁ ከነሳጥኑ ወደቀ፤ ብልቃጦቹ ተንከባለው ከእግራችን ሥር ተሰባበሩ። ቢላውን ልነጥቅ ስሞክር መዳፌ እስከ አጥንቱ ተሰነጠቀ።

"ልጄን አትወስድም!" ይላሉ። "የወንድሜን ልጅ አትወስድም!"

ልጁ ምንጣፉ ላይ እየተሳበ ያቃስታል።

"እናቴ ነው የሚለው" አለ ድምፁ ከኪሴ፣ ረጋ ብሎ።

አጎቴ ፀጉሩን ይዘው ቀና አደረጉት። ቢላው ተነሳ።

"እባክህ ነው የሚለው።"

"ጋሼ! በእግዚአብሔር! ሕፃን ነው!"

"ውሃ ነው የሚለው።"

የአጎቴ እጅ አየር ላይ ቀረ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ውሃ የሚለውን ቃል ግን አውቃለሁ። ልጁ ውሃ አላለም። ከአፉ የሚወጣው አረፋና ትንፋሽ ብቻ ነበር።

"አንድ እፍኝ ውሃ ስጠኝ ነው የሚለው... መክብብ።"

ቢላው ወደቀ።

አጎቴ ወደ ቧንቧው ሄዱ። ብርጭቆው አጠገባቸው ነበር፤ አላነሱትም። በመዳፋቸው ቀድተው፣ እያንጠባጠቡ መጥተው ተንበረከኩ። ከእጃቸው ደም ጋር የተቀላቀለውን ውሃ ልጁ ከንፈር ላይ አደረጉ።

"ጠጣ... ጠጣ የኔ ልጅ..."

ልጁ ዓይኑ ፈጦ እየተንቀጠቀጠ ጠጣ። ተመልሰው ሄዱ። ደግመው ቀዱ። እንደ ሕፃን እያለቀሱ።

ከኪሴ የሚሰማው ውሃ ቀጥ አለ።

"ተመለሰ" አሉ አጎቴ። ጭንቅላታቸውን የልጁ ደረት ላይ አሳርፈው ተኙ።

ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ጮኽኩ። አምቡላንስ የጠሩት ጎረቤቶች ናቸው። በኋላ ፖሊሶች ስልኬን ሲያዩት ባትሪው ከጠዋት ጀምሮ ሞቶ ነበር።

ልጁ ተረፈ። እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ያስተረጉም ነበር ተብሎ ሲጠየቅ፣ "ማንም። ሽማግሌው ብቻቸውን ነበር የሚያወሩት" አለ።

አጎቴ እስር ቤት ናቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ ፊታቸው ሞልቷል። እንቅልፋቸውም ተመልሷል። የገዛ ልጃቸው ግን አንድ ጊዜም አልመጣችም።

"ውሃውን ሰጠሁት" አሉኝ በመጨረሻ ስንገናኝ። "አልቋል። አትፍራ።"

አመንኳቸው። ሳምሪም ሜምበርሺፑን ካንስል አደረገች።

መዳፌ ሲድን ወደ ሥራ ተመለስኩ።

ያለፈው ማክሰኞ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ መደርደሪያዎቹ መሃል ቆሜ የማሽኗን ሴት እጠብቃለሁ። ቁጥሩን ጀመረችው። ከመሃል ተቋረጠች።

ከዚያ... ውሃ።

በቦይ ውስጥ የሚሄድ ውሃ።

"ተራው ያንተ ነው፣ ያብስራ።"

ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም የለም።

"ክንድህን ዘርጋ።"

ሄድሴቱን ከጆሮዬ ነቅዬ ወረወርኩት። ከካርቶኖቹ ሥር ገባ። አብሮኝ የሚሠራው ኦላና ሮጦ መጣ።

"ምን ሆንክ አንተ? አመድ መስለሃል እኮ!"

"ምንም..."

"ክንድህስ? ዛሬ ደም ሰጥተህ ነው እንዴ የመጣኸው?"

ወደ ታች አየሁ።

እጅጌዬ ተጠቅልሏል። እኔ አልጠቀለልኩትም። የክንዴ መታጠፊያ ላይ ነጭ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል።

ለማንም ደም አልሰጠሁም።

ፕላስተሩን ቀስ ብዬ ላጥኩት። ጥጡ ሥር አንዲት የመርፌ ቀዳዳ አለች። ክንዴን ጫን አደረግኩት።

ደም አልወጣም።

ውሃ ነው የወጣው። ቀዝቃዛ፣ የእርሻ ጭቃ የሚሸት ውሃ... በጣቶቼ ላይ አልፎ ሲሚንቶው ላይ ጠብ ይላል።