ከአስራ ስድስት ቢት በታች

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ቆቦ ውስጥ፣ ዓምና ሚያዝያ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

ውሸት ነው የሚል ካለ መብቱ ነው... እኔ ግን አላምረውን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ለቀልድ እንኳ የማይዋሽ ደረቅ ሰው ነው።

በዚያ ሰዓት የቆቦ ፀሐይ አናት ይበሳል። ባጃጆቹም ሳይቀሩ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ። አላምረው ግን አስፋልቱ ዳር ያለችውን የድምፅ መቅጃ ቤቱን ዘግቶ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

አስር ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ አንድ ቃል መናገር አለበት።

"ተቀብያለሁ" ወይም "አልተቀበልኩም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሙ ጌታሁን ከዋጃ ሲመለስ ማሽላ ማሳ ውስጥ ተገድሎ ተገኘ። መጨረሻ አብሮት የታየው አራጌ ነው፤ የአላምረው አብሮ አደግ፣ መቅጃ ቤቷም ውስጥ አብሮት የሚሠራ። አራጌ ደም የተቃቡትን አስታርቀው ደም በሚያደርቁት በሼህ ኑሀ ፊት "እጄ የለበትም" ብሎ ማለ።

አላምረው መሐላውን ከተቀበለ ነገሩ ይበርዳል። ካልተቀበለ ደም መመለሱ የሱ ዕዳ ነው... አራጌን መግደል።

አጎቱ ታደሰ ጠዋት ማታ ይጎተጉቱታል። "እንዳትቀበል። የወንድምህ ደም የውሻ ደም ነው?"

አላምረው መሐላውን ያኔ ቀድቶታል። ቅጂውን ደጋግሞ ሰምቷል፤ ምንም የለበትም። ሽማግሌዎች ፊት በሚቀርብበት ቀን ግን አዲስ መቀየሪያ ደረሰው፤ በቁጥር የተቀመጠን ድምፅ መልሶ ለጆሮ የሚያበቃ፣ ዳክ የሚሉት ውድ ዕቃ። መሐላው መጀመሪያ የተቀዳበትን ዋናውን ካርድ ከፈተበት።

የድሮው ዕቃ አስራ ስድስት ቢት ነው። ቢትን የድምፅ መስፈሪያ በሉት። በቁና ብቻ የሚሰፍር ነጋዴ እፍኝ ማሽላ ቢተርፍ አይቆጥረውም፤ ያራግፈዋል። አስራ ስድስት ቢትም ከመጨረሻዋ ደረጃው በታች ያለውን ያራግፋል። ካርዱ የተቀዳበትና አዲሱ ዕቃ የሚያነበው ሃያ አራት ቢት ግን እያንዳንዷን ቁና ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቦታ ከፍሎ ይሰፍራል። እፍኝ ቀርቶ ፍሬ አያመልጠውም።

አራጌ "እጄ የለበትም" አለ። ከዚያ ዝምታ።

ዝምታው ውስጥ... አንድ ሰው ተነፈሰ።

"የዕቃው የራሱ ድምፅ ነው" አለ አላምረው። ውድም ቢሆን የራሱ ሽውታ አያጣም። ባዶ ፋይል ከፍቶ አዳመጠ። ምንም የለም።

ካርዱን መልሶ ከፈተ።

አለ... ትንፋሹ አለ።

"አላም... አራጌ አይደለም።"

የጌታሁን ድምፅ ነው። መሐላው ሲቀዳ የጌታሁን አርባ ወጥቶ ነበር።

ግን ሞኝ አይደለም፤ ጠረጠረ። አራጌ ድምፅ ቆርጦ መቀጠል ያውቃል። የጌታሁንም ድምፅ አራጌ ስልክ ላይ ሞልቷል።

እስቲ ቆይ...

አራጌ እጅ የገባው ከካርዱ የተገለበጠው ባለ አስራ ስድስት ቢቱ ቅጂ ብቻ ነው። ይሄ ሹክሹክታ ያለው ከዚያ በታች፣ ያ ቅጂ ሊይዘው በማይችልበት ቦታ ነው። ዋናው ካርድ ደግሞ ከአላምረው ደረት ኪስ ወጥቶ አያውቅም።

ታዲያ ማን ጨመረው?

ድምፁን ከፍ አደረገ። ሌላም ቃል ነበር።

"ከጎንህ... የተቀመጠው።"

አራጌ በማለበት ቀን ከጎኑ የተቀመጡት አጎቱ ናቸው።

በሩ ተንኳኳ።

"አላምረው..." አጎቱ ታደሰ፣ በሹክሹክታ። "ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ምን እየሰማህ ነው?"

"ምንም፣ ጋሼ። ዕቃ እየሞከርኩ ነው።"

"በል ተነስ። ያልኩህን እንዳትረሳ።"

አስር ሰዓት ላይ የቁርቁራው ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። አላምረው መቅጃውን መሃል አኖረ።

"ተቀብያለሁ" አለ።

አራጌ መሬት ላይ ተዘርፍጦ አለቀሰ። የታደሰ ፊት ጠቆረ።

"አንድ ነገር ግን አለኝ፣ ሼሁ። አጎቴም ይማሉ።"

ሼህ ኑሀ ግራ ገባቸው። "የሟች ወገን ማል ተብሎ ያውቃል?"

"እኔ እፈልጋለሁ።"

ታደሰ ሳቅ አሉ። ተነሱ፤ ጮክ ብለው ማሉ። "በጌታሁን ሞት እጄ ካለበት አይንጋልኝ!"

ሁሉም ሰማ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አላምረው ወደ መቅጃ ቤቱ ተመልሶ ቅጂውን ከፈተ። የራሱ ድምፅ አለ። የአራጌ ለቅሶ አለ። የሼሁም ጥያቄ አለ።

ሰው ሁሉ ዝም ባለበት እንኳ የመጨረሻዎቹ ቢቶች ዝም አይሉም፤ ነፋስ፣ ቅጠል፣ የመቅጃው ሽውታ ይቀመጥባቸዋል። አጎቱ የማሉበት ቦታ ግን ዜሮ ብቻ ነው። ድምፃቸው የለም። ወፍ የለም። ነፋስ የለም። ከዚያ የሼህ ኑሀ "አሚን" ይቀጥላል።

አላምረው ማዳመጫውን አውልቆ አጎቱ ጋ ደወለ።

ስልኩ ተነሳ።

"ጋሼ?"

የጥሪው ሰዓት ይቆጥራል... ከወዲያ በኩል ትንፋሽ እንኳ የለም፤ እንደ መሐላቸው ቦታ፣ ዜሮ ብቻ።