ያልረገፈው ረድፍ

ዘበኛው ኢዶሳ ጌታውን ግራዝማች ገብረ ክርስቶስን ከእርሻው መድኃኒት ማከማቻ ደጃፍ ሞተው ተዘርረው ሲያይ፣ ከሬሳው ይልቅ አጠገቡ የወደቀው ዱላ አስደነገጠው። ዱላው የራሱ ነበር።

«እዚህ አስደግፌው ነው የምውለው፤ ሁሉም ያውቃል» አለ።

«ጠዋት አንተን ማን አየህ?» አለው መርማሪው።

«በር ላይ ብቻዬን ነበርኩ።»

ለእንጦጦ ሰው ነገሩ አልቋል፤ የቀረው ገመድ ነው። መርማሪው የመቶ አለቃ ወልደ ሐዋርያት ግን የፖም እርሻውን በር አስቆለፈ። የሟቹን ሚስት ወይዘሮ የማርያምወርቅን ቄሶቹ ቤተ ክርስቲያን አይተዋቸዋል። የቀረው ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣው፣ ዛፍ ፊት እንኳ ያለ ክራቫት የማይቀርበው የእርሻ ባለሙያ አቶ ሀብተወልድ ነበር።

«ላይኛውን እርሻ ትናንት ጨርሼ፣ ጠዋት ታች ምንጩ ጋ የመጨረሻውን ረድፍ ሆርሞን ስረጭ ነበር» አለ። «የተጨናነቀውን ፍሬ ያራግፋል፤ የቀረው ይወፍራል።»

«መቼ ይረግፋል?»

«ሳምንት ያልፈዋል።»

«እንግዲያው እስኪረግፍ ማንም ከግቢው አይወጣም፤ ምንጩ ጋም አይወርድም።»

በዚያው ቀን መርማሪው የታሰረውን ኢዶሳን ፈትቶ፣ ከሀብተወልድ በርሜል የተረፈውን መድኃኒት አሸክሞ ታች አወረደው። ከረድፉ መሐል አንድ ዛፍ አሳየው። «ይህን ብቻ እርጭ።»

ሰው ከመሰቀሉ በፊትም ሥራ አይቀርለትም ማለት ነው፣ አለ ኢዶሳ በልቡ። ከዚያ መልሰው አሰሩት። በመስኮት ዛፎቹን እያየ፣ ይርገፍ ብሎ ይጸልይ ወይስ አይርገፍ ብሎ ግራ ገባው።

ሳምንት አልፎ የላይኛው እርሻ ፍሬ ሲረግፍ መርማሪው ሁሉንም ወደ ምንጩ ሰበሰባቸው። የመጨረሻው ረድፍ ፍሬ እንደተጨናነቀ ነው።

«እዚህ ብርድ ነው» አለ ሀብተወልድ ፈጠን ብሎ። «በብርድ መድኃኒቱ አይሠራም።»

«እንዲህ እንደሚሉ ገምቼ ነበር። እስቲ ከመሐለኛው ዛፍ ሥር ይመልከቱ።»

መሬቱ ጥሬ ፍሬ ለብሷል።

«ይህን የረጨው ኢዶሳ ነው፤ በእርስዎ መድኃኒት፣ በዚያው ቀን፣ በዚሁ ብርድ። ጎረቤት ዛፎቹን ግን ማንም አልረጫቸውም። ታዲያ እርስዎ የት ነበሩ?»

ሀብተወልድ ክራቫቱን ላላ አደረገ።

«አምና ፍሬው ሁሉ ሲረግፍ በረዶ መታው አልከን» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «የጎረቤት ጎመን ሳይነካ ፖም ብቻ የሚመታ በረዶ። ባሌ ያን ጠዋት ይህንኑ ሊጠይቅህ ነበር።»

«የመድኃኒቱን መጠን ትንሽ ነው ያበዛሁት» አለ ሀብተወልድ። «ግራዝማች ለመሥሪያ ቤትህ እነግራለሁ አሉኝ። ዱላው እጄ አጠገብ ነበር።»

መርማሪው ገመዱን ከኢዶሳ እጅ ፈትቶ በሀብተወልድ እጅ አሰረው።

«ይህ ረድፍስ እንዲህ ሊቀር ነው?» አሉ ወይዘሮ።

ኢዶሳ የደነዘዘ እጁን አሻሽቶ ትርፉን በእጁ ሊቀነጥስ አንድ የፍሬ ዘለላ ያዘ። ሀብተወልድ እየተነዳ ዞር አለ፤ አላስቻለውም።

«ትልቁን አስቀር» አለው።

ኢዶሳ ትልቁን አስቀረ።