የማክሰኞ ቃል

መቶ አለቃ ሰማታር ኢድል ከዚራ ሰፈር ወዳለው የመምህር ገብረ መድኅን ቤት ሲደርስ፣ የቀበሌው ሰዎች ገዳይ አግኝተው ጨርሰው ነበር። ዳሃቦ የምትባለውን ነርስ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አስቀምጠዋታል። አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይጠብቃታል። ነጭ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

«ምን ማስረጃ አላችሁ?» አለ ሰማታር።

«ዛሬ ከሟቹ ቤት ስትወጣ ታይታለች» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር። «ለምን እንደመጣች ስንጠይቃት አልናገርም ትላለች። ደግሞም ሶማሌ ናት።» ይህን እንዳለ የመቶ አለቃውን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ ጓድ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም።»

ሰማታር ራሱ ሶማሌ ነበር። ከኢሳ ጎሳ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ነው። የፖሊስ ልብስ እንደለበሰ ፀጉሩ መሸበት ጀምሯል። ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ግን ቢሮ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ባቡሩ ቆሟል፤ በየመውጫው ኬላ ተተክሏል፤ ከከተማዋ መውጣት የሚችለው በወረቀት ወይም በሬሳ ሣጥን ነው። ይቺን ልጅ ቢለቃት «ዘመዱን አስመለጠ» ይሉታል። ለእነሱ ቢተዋት ደግሞ ምን እንደሚጠብቃት ያውቃል።

«ነገ ጠዋት ወደ ላይ እንልካታለን» አለ ሊቀመንበሩ። «እስከዚያ ይጠይቁ፣ ማን ከለከለዎ።»

በዚያ በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ወደ ላይ ተልኮ የተመለሰ ሰው ድሬዳዋ አላየችም።

ሰማታር ወደ ቤቱ ገባ። ጡረታ የወጡት መምህር በሩ አጠገብ በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ቁስሉ ከጆሮ ግንዳቸው ኋላ ነው። በሩ በሌሊት የሚቆለፍበት ከባድ የብረት መወርወሪያ አጠገባቸው ወድቋል። የተመቱት ከኋላ መሆኑ አያጠያይቅም። ለሚያውቁት ሰው ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር።

ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰማታር ትኩር ብሎ አያቸው። ሁለት ሰው ሲጨዋወት ወንበሮቹን ፊት ለፊት ያደርጋቸዋል። እነዚህ ግን ሁለቱም ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል፤ በሩ ላይ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል። እያሰበ ጠረጴዛውን ደገፍ ሲል ጠረጴዛው ዘመም አለበት። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከአንዱ እግር ሥር ማስደገፊያው ጠፍቷል። ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ ሆኖ ከበሩ ደፍ አጠገብ አገኘው።

የሟቹ እህት እትዬ የኔነሽ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል፤ ማልቀስ ገና አልጀመረችም።

«እትዬ፣ ይህን ጎማ ማን አነሣው?»

«እኔ አልነካሁትም ልጄ። ሰው ቤት ለቅሶ ልደርስ ስወጣ ጠረጴዛው ሥር ነበር።»

«ሲመለሱ በሩ እንዴት ነበር?»

«ግጥም ብሎ ተዘግቶ። በዚህ ሙቀት በር ዘግቶ አይቀመጥም ብዬ ገርሞኝ ነው የከፈትኩት።»

«በየቀኑ እዚህ ይመጣሉ የሚባሉት ሦስቱ፣ ዳሃቦ፣ ሸረፈዲንና ተሰማ፣ ምን ሊያደርጉ ነው የሚመጡት?»

«እንግሊዝኛ ሊማሩ ነው። ፀሐይ ሲበርድ ይመጣሉ፤ በቀን አንዲት ቃል ያስተምራቸዋል። አይጻፍም፤ በአሰሳ ጊዜ የእንግሊዝኛ ወረቀት የተገኘበት የጎረቤት ልጅ ምን እንደሆነ አይተናል። በጆሯችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ እስከ ነገ ስታወሩ አስገቧት፣ ያን ጊዜ የእናንተ ትሆናለች ይላቸዋል።»

«የዛሬዋን፣ የማክሰኞዋን ያውቋታል?»

«እኔ ምን አውቄ? ጠዋት ቃል ጠፋብኝ ሲል ነበር። ምሳ በልቶ ተቀምጦ ሳለ ነፋሱ በሩን ሲያወዛውዘው አየና እየሳቀ ተነሣ። ‹አጃ፣ አጃ› ሲል ሰማሁት። አጥሚት አማረህ እንዴ ስለው ጭራሽ ሳቀብኝ። እንደዚያው ሲስቅ ትቼው ወጣሁ።» አሁን እንባዋ መጣ።

ሰማታር ወደ ዳሃቦ ሄደ። ልጅቱ በሶማሊኛ ልትጀምር ስትል እጁን አነሣ።

«በአማርኛ ተናገሪ። ጠባቂውም ይስማ።»

ገባት። አንገቷን ደፋች።

«ከምሳ በፊት ጠርተውኝ መጣሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«ቃል የገባሽለት ሰው ሞቷል፤ አንቺ ግን ገና በሕይወት አለሽ። ነገ እንዳትኖሪ የሚፈልጉ ሰዎች ከኋላዬ ቆመዋል። ንገሪኝ እህቴ።»

ቀና አለች። «አንድ የውጭ አገር የዕርዳታ ሐኪሞች ቡድን ሐሙስ በአውሮፕላን ይወጣል። አስተርጓሚ ይፈልጋሉ፤ አንድ ሰው ብቻ። መምህር የመረጡልንን እንወስዳለን ብለዋቸው ኖሯል። እኔን መረጡኝ። ሌሎቹ እንዳይከፋቸው እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ እስከዚያ ዝም በይ አሉኝ።»

«የዛሬውን ቃል ነገሩሽ?»

«የለም። ገና አላገኘሁም አሉኝ። እኔ ያለኝ የትናንቱ ነው፤ ሼልተር። መጠለያ ማለት ነው።»

ሁለተኛው ተማሪ ሸረፈዲን መጋላ የጨርቅ ሱቅ አለው። ወፍራም ነው፤ ተጠርቶ መጥቶ ግቢው ውስጥ ቆሞ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል።

«አቦ መቶ አለቃ፣ እኔ ከሰዓት ሱቄ ውስጥ ተኝቼ ነበር፤ ወላሂ።»

«በሱቅህ በኩል ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። ሱሪህ ላይ ደግሞ ጭጎጎት አለ፤ መጋላ ውስጥ ጭጎጎት የሚበቅልበት መሬት አላውቅም።»

ሸረፈዲን ሱሪውን አየ። ከዚያ ወደ ሰማታር ጆሮ ተጠጋ። «የእህቴ ልጅ፣ ሙመድ… አፈሳ አለ ሲሉ በጭነት መኪና ጀልዴሳ፣ ገጠር ዘመዶቻችን ጋ አደረስኩት። ከሹፌሩ ጋር ነው የተመለስኩት። ብትፈልግ…»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ ሱቅህ ነው» ብሎ አቋረጠው ሰማታር፤ በጣቱ ጭጎጎቶቹን አሳየው። «እነዚህን ልቀማቸው። ሌላ ሰው እንዳያያቸው።»

ሦስተኛው ተሰማ ነው። የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ሐዲዱ ከተቆረጠ ወዲህ በየቀኑ ባዶ ጣቢያ ገብቶ ይወጣል። ከሲታና ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ሸሚዙ ተተኩሷል።

«በዚህ መንገድ ስታልፍ አንዲት ጎረቤት አይታሃለች» አለው ሰማታር።

«አልክድም። ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ መጥቼ ነበር። በሩ አጃር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተጣራሁ። መልስ ሳጣ ተኝተው ይሆናል ብዬ ተመለስኩ።»

«በሩ ምን ነበር አልክ?»

«ገርበብ ያለ ማለቴ ነው። ይቅርታ፣ እንግሊዝኛው እየቀደመ ነው፤ መምህር እንዲህ አስለምደውናል።»

«አልገባህም?»

«እግሬ ደፉን አልረገጠም።»

«እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው።»

ተሰማ በሐዘን ፈገግ አለ። «ምን እንግሊዝኛ አለኝ? የተማርኩት ከፈረንሳዮቹ ካህናት ትምህርት ቤት፣ በፈረንሳይኛ ነው። ያሉኝ ቃላት ሁሉ ከመምህር ያገኘኋቸው ናቸው፤ አንድ በአንድ።»

ሰማታር አመሰገነው። ከዚያ በረንዳው ላይ ቆመና ሁሉም እንዲሰበሰቡ አደረገ። እትዬ የኔነሽን ወንበር ሰጣት። ዳሃቦ በሁለት ጠባቂዎች መሐል ቆማለች። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን ያያል። የግቢው በር ተዘግቷል፤ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ ማንም ወደ ማንም ዓይን አይመለከትም።

«አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ» አለ ሰማታር። «አቶ ሸረፈዲን፣ አጃር ማለት ምን ማለት ነው?»

«አጃር?» ሸረፈዲን ትከሻውን ሰበቀ። «በዐረብኛ ነው በእንግሊዝኛ?»

«በእንግሊዝኛ። ዳሃቦ፣ አንቺስ?»

«ሰምቼው አላውቅም።»

እትዬ የኔነሽ ከወንበሯ ብድግ አለች። «እሱ ነው! አጃ ሲል የነበረው እሱን ነው! ‹ር› ነበረችበት መጨረሻው ላይ፤ አሁን ትዝ አለኝ!»

ተሰማ አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ ግን ገረጣ።

«መምህር ጠዋት ቃል አልነበራቸውም» አለ ሰማታር፤ ቀስ ብሎ፣ ለሊቀመንበሩ እያስረዳ። «ይህን ዳሃቦም ነግራኛለች፣ እህታቸውም ነግረውኛል። ቃሉን ያገኙት ከምሳ በኋላ፣ ነፋስ በሩን ሲያወዛውዘው አይተው ነው። ዳሃቦ ያን ጊዜ ሄዳለች። እህታቸው የሰሙት ድምፁን ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ገና አልተሰበሰቡም። እንግዲህ ያን ቃል ከነትርጉሙ የያዘ ሰው፣ ከምሳ በኋላ ከመምህር ጋር ተቀምጦ የተማረ ሰው ብቻ ነው። ተሰማ ግን ተጣራሁ፣ አልመለሱልኝም፣ ደፉን አልረገጥኩም ይላል። ደጅ ከቆመ ሰው አፍ የዛሬው ቃል ከየት ገባ?»

«ከሬዲዮ ሰምቼው ቢሆንስ?» አለ ተሰማ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ያሉኝ ቃላት ሁሉ ከመምህር ናቸው ያልከኝ አንተ ነህ። ይሁን፣ ተሳስተሃል እንበል። ወንበሮቹን ማን ወደ በሩ አዞራቸው? ይህን ጎማ ከጠረጴዛው ሥር አውጥቶ በሩን በግማሽ ያስቆመውስ ማን ነው? ነፋሱ በሩን እያንቀሳቀሰ አላስተምር ቢላቸው፣ መምህር በሩን በጎማው አስደግፈው፣ አጠገባቸው ለተቀመጠ አንድ ተማሪ ‹ይህን እይ፤ አጃር ማለት ይህ ነው› ብለው አሳይተዋል። አንተ እዚህ ሳለህ በሩ ገርበብ ብሎ መቆሙ እውነት ነው። እትዬ የኔነሽ ሲመጡ ግን ተዘግቷል። ስትወጣ ጎማውን በእግርህ ገፍተህ ዘግተኸዋል።»

«ለምን ብሎ ይገድላቸዋል?» አለ ሊቀመንበሩ። «የወዳጅ ያህል ነበሩ።»

«ሐሙስ ለሚነሣው አውሮፕላን አንድ ቦታ ነበር። መምህር ለሌሎቹ እኔው እነግራቸዋለሁ ብለው ነበር። ቀድሞ ለመጣው ቀድመው ነገሩት።»

ተሰማ እትዬ የኔነሽን አያት፤ ያን ያህል ጊዜ ቤቷ ውሃ ያጠጣችውን ሴት።

«ወንድሜን ወስደውታል» አለ። «ስሜ ዝርዝሩ ላይ ከስሙ ቀጥሎ መሆኑን የነገረኝ ሰው አለ። መውጫ እንደሌለኝ ታውቁታላችሁ፤ ባቡሩን በየቀኑ ሄጄ የማየው እኔ ነኝ። ያ አስተርጓሚነት የእኔ መስሎኝ ነበር። ስመጣ ደስ አላቸው፤ ቃሉን እንደ ሕፃን እየሳቁ አስተማሩኝ። ከዚያ ለዳሃቦ መስጠታቸውን ነገሩኝ። ‹አይዞህ፣ በሩ አጃር ነው፤ ዛሬ ለእሷ ተከፈተ፣ ነገ ለአንተ ይከፈታል› አሉኝ። እኔ ነገ የለኝም አልኳቸው። ፊቴን አይተው ደነገጡ መሰለኝ፣ ውሃ ላምጣልህ ብለው ተነሡ። መወርወሪያው እጄ አጠገብ ነበር።»

እትዬ የኔነሽ ነጠላዋን በአፏ ነክሳ ቁጭ አለች።

ሊቀመንበሩ ለጠባቂዎቹ ጠቀሰና ዳሃቦን ለቀው ወደ ተሰማ ተራመዱ። ሰማታር ከመሐል ገባ።

«ይህ የነፍስ ግድያ ነው። የፖሊስ ጉዳይ ነው።»

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ይጠንቀቁ።»

«እየተጠነቀቅሁ ነው» አለና የተሰማን ክንድ ይዞ ወጣ። ጣቢያው ድረስ በእግራቸው፣ በከሰዓቱ ፀሐይ ሄዱ። በየመስኮቱ መጋረጃ ገለጥ እያለ ይመለስ ነበር። የእስር ቤቱ በር ሲዘጋበት ተሰማ «አመሰግናለሁ» አለ። ለምን እንዳመሰገነው ሰማታር ገባው፤ ቢያንስ በዚህኛው እስር ቤት ስሙ ይመዘገባል፤ እንደ ወንድሙ ደብዛው አይጠፋም።

ዳሃቦ ከከተማዋ ለመውጣት የፖሊስ ማለፊያ ወረቀት ያስፈልጋት ነበር። የጣቢያው አዛዥ ሰማታርን «የፈለግከውን አድርግ፣ እኔ አላየሁም» አለው። በማለፊያው ግርጌ የሰማታር ፊርማ ብቻ ሰፈረ።

ሐሙስ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኛት። ወታደሮቹ ወረቀቱን ገልብጠው፣ መልሰው ገልብጠው አዩት። በመጨረሻ አሳለፏት። ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች፤ በዚህ ጊዜ ያለ ፍርሃት በሶማሊኛ ነበር የተናገረችው።

«አንተስ አቦዌ፣ አባቴ? ሲጠይቁህ ምን ትላለህ?»

«ነርስ ናት፤ አልገደለችም እላለሁ።»

«ካላመኑህስ?»

«ሂጂ አሁን፤ ይጠብቁሻል።»

አውሮፕላኑ በተራራው አናት ላይ ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ከፀሐዩ ላይ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ባልደረቦቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ግድግዳውን ተጠጉ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው በእሱ ወንበር ላይ ነው፤ የማለፊያውን ግልባጭ ፊቱ ዘርግቷል።

«መቶ አለቃ ሰማታር ኢድል?»

ሰማታር ኮፍያውን አወለቀ። ተጠርጣሪዎችን ሲያስቀምጥበት የኖረውን በርጩማ ሳበና ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጠይቁኝ።»