በብርጭቆው ሥር የረጋችው ቀይ ነጥብ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በአምስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አቁሞ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ የጉንፋን ወረርሽኝ ወደ ከተማይቱ ገባ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሆስፒታሉ ኮሪደር ሳይቀር አልጋ ተዘረጋ። ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቤተ ሙከራ የምትሠራው ሐኪም ከባሕር ማዶ ተምራ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም ነበር፤ ሰው ሁሉ «ጠርጣሪዋ» ይላታል፤ ስንት ሰዓት ነው ቢሏት እንኳ የሁለት ሰው ሰዓት አመሳክራ ነውና የምትመልሰው።

ከአንዲት ሕመምተኛ ጉሮሮ የተወሰደውን ፈሳሽ ጫጩት በያዘ እንቁላል ውስጥ አራባችው፤ ከአንዱ እንቁላል ወደ ሌላው እያሸጋገረች ቆይታ ከዶሮ ደም ጋር ቀላቀለችው። ቫይረሱ ያልጨበጠው ደም በብርጭቆው ሥር ቀይ ነጥብ ሆኖ ይረጋል፤ የጨበጠው ግን እንደ ስስ መጋረጃ ተዘርግቶ ይቀራል። የዶሮው ደም ተዘረጋ። እርሷም «ከወፍ የመጣ ይመስላል» ስትል ለጤና ሹሙ አስታወቀች፤ ሹሙ «ይመስላል» የምትለዋን ቃል አልሰሙም፤ የከተማይቱ ዶሮ ሁሉ እስከ ቅዳሜ ታርዶ እንዲቃጠል አዋጅ አስነገሩ።

በማግስቱ ታላቅ እህቷ ሳታንኳኳ ገባች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው እንቁላል እየሸጠች ነበር፤ ለቤተ ሙከራውም የምታቀርበው እርሷው ናት።

«እንደምን አደሩ፣ ዶክተር» አለች፤ አንቱ ካለቻት ተቆጥታለች ማለት ነው።

«እትዬ፣ ተቀመጪ እስቲ።»

«ምን እቀመጣለሁ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። ባሕር ማዶ የላክንሽ የእኔን ቆጥ እንድታራግፊ ነው?»

«ደማቸውን ጨበጠው እኮ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዓይንሽን ያመንሽው?»

ሐኪሟ ሳቋ መጣ። በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ከመጀመሪያው እንቁላል የተቀዳ ጥቂት ፈሳሽ መትረፉ ትዝ አላት፤ እስካሁን የመረመረችው ብዙ እንቁላል የዞረውን ብቻ ነበር።

«ጣትሽን አምጪ።»

«ዶሮዎቼ አልበቁ ብለውሽ ደሜንም?» አለች እህቷ፤ ጣቷን ግን ሰጠች።

የመጀመሪያውን እንቁላል ፈሳሽ በሁለት ብርጭቆ ከፍላ፣ በአንዱ የእህቷን፣ በሌላው የዶሮ ደም ጨመረች፤ ጠበቁም። የእህቷ ደም እንደ መጋረጃ ተዘረጋ፤ የዶሮው ደም ግን ቁልቁል ወርዶ ቀይ ነጥብ ሆነ። ደዌው ከሰው የመጣ ነበር፤ ዶሮን መጨበጥ የለመደው እዚሁ፣ በእርሷ እጅ፣ በእንቁላሉ ውስጥ ነው።

ኋላ ሊቃውንት እንደደረሱበት፣ ቫይረሱ የሚጨብጠው በሕዋስ ገጽ ላይ ያለ የስኳር ጫፍ ነው፤ ጫፉ በሰው ጉሮሮና በዶሮ አካል የሚጋጠመው በጥቂቱ በተለያየ አጣጣፍ ነው፤ በእንቁላሉ ውስጥ ለዶሮዋ እጥፋት መዳፉ የተስማማለት አንድ ቫይረስ ከእልፍ አእላፍ መካከል ይተርፋል፤ ዘሩም ቤቱን ይሞላል። ሐኪሟ ይህን ሁሉ አላወቀችም፤ ያየችው ነጥቧን ብቻ ነበር።

«ታዲያ ዶሮዎቼ ተረፉ?»

«ተረፉ።»

«ምነው ፊትሽ ገረጣ?»

«ከሰው ወደ ዶሮ እንዲህ ቶሎ ከለመደ፣ ከዶሮ ወደ ሰው የሚያስኬድም መንገድ ይኖራል። ድንገት መርገፍ ከጀመሩ ከማንም በፊት ለእኔ ንገሪኝ፤ አደራ።»

ከዚያ ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ወደ ሹሙ ሄደች።

«ክቡርነትዎ፣ ተሳስቻለሁ።»

«ትናንት ከወፍ፣ ዛሬ ከሰው፤ ነገ ደግሞ ከዓሣ ነው ሊሉኝ ነው?»

«የነገውን አላውቅም። ዶሮዎቹ ግን ንጹሓን ናቸው።»

አዋጁ ተሻረ፤ እርሷም ቃሏ የማይረጋ ተብላ ከቤተ ሙከራው ተነሣች። ከተማይቱ እስከ ዛሬ የምታስታውሰው ዶሮውን የማረውን ደግ ሹም ነው። ሐኪሟን የሚያስታውስ የለም፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊቷን ያገረጣው፣ ከዶሮ ወደ ሰው የሚያስኬደው መንገድ ግን አሁንም ክፍት ነው፤ በየቆጡ ሥርም ያልፋል።