ከቋጥኙ በስተቀኝ

ንጉሡ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ባርኔጣ በባሕር ነፋስ ተነጥቆ ገደል መግባቱን ለመጪው ትውልድ በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን። ባለቤቱ ግን አላዘነም፤ ቀለም ሲበጠብጥ እንኳን ባርኔጣው ረሃቡም ትዝ አይለውም።

የጦር አዛዡ «ኮረብታው ላይ ሁለት ሦስት ቀን ነፋስ ተቀበል፤ የሚታየውንም ሣልልኝ» ብለው ነበር የላኩት። ከታች ያለው የዓሣ አጥማጆች መንደር አልገብርም ብሎ ከርሞ ታርቋል ተብሏል፤ የሠዓሊው እህትም ከመብራት ማማው ሥር ትኖራለች፤ ስለዚህ ደስ ብሎት ሣለ። ማማው የቆመው ከባሕሩ ዳር ቋጥኝ በስተግራ ነው፤ እሱ ግን «ግራው ከበደኝ» ብሎ ወደ ቀኝ፣ ከጥዱ ጫካ በላይ አዛወረው። የቆየ አመሉ ነው፤ አንድ ጊዜ ወንዝ ከነድልድዩ አዛውሮ ተሸልሞበታል።

በሦስተኛው ቀን ከጨለመ በኋላ አዛዡ መድፍ አስጎትተው ደረሱ፤ ሥዕሉንም አይተው አደነቁ። እግረኛው ጦር ሌሊቱን ወርዶ ጥዱ ውስጥ አደፈጠ። ንጋት ላይ ጉም ወረደ።

«ጌታዬ፣ ከቋጥኙ ወዲያ ምንም አይታየኝም» አለ የመድፈኞቹ አለቃ።

«ሥዕሉ አለልህ አይደል እንዴ? ማማውን ምታ፤ መንደሩ ሥሩ ነው።»

አለቃው ሸራውን መንኮራኩሩ ላይ አስደግፎ አፈሙዙን ከቋጥኙ በስተቀኝ አዞረ። «ቀለም ቀቢው፣ ዛሬ ገና ለቁም ነገር ዋልክ!»

ሠዓሊው ወደ ሸራው ተራምዶ ቆመ። ቢናገር አረሩ እህቱ ጣሪያ ላይ ነው፤ ዝም ቢል ጥዱ ውስጥ ባደፈጡት ላይ።

«ምን ሆንክ? ሥዕሉ ልክ አይደለም እንዴ?» አሉ አዛዡ።

«ጌታዬ፣ ትናንት ራስዎ አይተው አመስግነውታል።»

መድፎቹ አጓሩ። ከጉሙ ውስጥ ጩኸት ተነሣ፤ አለቃው «አገኘናቸው!» ብሎ ደገመ፤ ሠለሰ። ከዚያ አንድ ወታደር ከትከሻው የተቆረጠ ክንዱን በሌላው እጁ እንደያዘ ከጉሙ ወጣ። «አቁሙ! እኛ ነን!» አለና መድፉ አፍ ሥር ተደፋ። ጉሙ ሲገለጥ ጥዱ በቁሙ ይነድ ነበር፤ ሬሳ በሬሳ ላይ ተነባብሯል። ማማው በስተግራ ቆሟል፤ ከሥሩ ሰው እየተጋፋ ጀልባ ይሳፈራል።

አዛዡ የሠዓሊውን ቀኝ እጅ መንኮራኩሩ ላይ አስዘርግተው ጣቶቹን አንድ በአንድ በሰደፍ አስቀጠቀጡ።

ዜና መዋዕሉ ወታደሮቹን የፈጀው ጉም ነው ይላል፤ አዛዥ ከሚወቀስ ጉም ቢወቀስ ይቀላልና። ሥዕሉ ግን በቤተ መንግሥቱ ትልቅ አዳራሽ ተሰቀለ፤ መኳንንቱ ሚዛኑን ያደንቃሉ፤ ጥዱ ሥር ማን እንደተኛ የሚጠይቅ የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ታሪክ ጸሐፊ ብቻ ያረጀውን ሠዓሊ እህቱ ቤት ድረስ ሄዶ፣ በግራ እጁ ሲሥል አገኘው።

«ጋሼ፣ ያኔ ዝም ያሉት ለእህትዎ ብለው ነው ወይስ ፈርተው?»

«አልናገርም።»

«ለታሪክ እኮ ነው!»

«ለታሪክም አልናገርም።»